የዓይን ቫይታሚን ከመሸጡ በፊት ዓይኑ ይታይ

ግልጽ ደብዳቤ

ለወላይታ ዞን ጤና መምሪያ
ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
እንዲሁም በአዲስ አበባና በውጭ አገር ለምትኖሩ የወላይታ ልጆች

ጉዳዩ፦ በወላይታ ሶዶና በዞኑ ከተሞች ያለ ምርመራ ስለሚሸጡ የዓይን ቫይታሚኖች

ክቡራን፤

በሶዶ ከተማ በአንድ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። የዘመን መለወጫ በዓላችን ጊፋታ እየተቃረበ ነው። ከአሜሪካ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከዐረብ አገርና ከአዲስ አበባ ለበዓሉ የሚመጡ ልጆች ለወላጆቻቸው ከሚይዙት ስጦታ መካከል የዓይን ሥዕል የተለጠፈበት የቫይታሚን ጠርሙስ እየተለመደ መጥቷል። በዓሉ ያልፋል፣ ልጆቹም ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፣ ጠርሙሱም ያልቃል። ከዚያ እናቶችና አባቶች ባዶውን ጠርሙስ ይዘው እኛ ዘንድ ይመጣሉ። «ልጄ የላከችልኝ ይህ ነው፤ ይህንኑ ስጠኝ» ይላሉ። የሚመሳሰለውን አስመጥቶ የሚሸጥ አይጠፋም። ማዘዣ አይጠየቅም። ዓይናቸውን ማን እንዳየው፣ ምን እንደተባሉ የሚጠይቃቸው ሰውም ጥቂት ነው።

የምለምናችሁ ነገር አንድ ነው፦ በዞናችን ማንም አረጋዊ ዓይኑ በባለሙያ ሳይታይ የዓይን ቫይታሚን እንዳይሸጥለት አድርጉ። ምክንያቴን ረዘም አድርጌ ማስረዳት ይኖርብኛል። በአጭሩ ሲነገር «ቫይታሚን ደግሞ ማንን ይጎዳል?» ተብሎ ይታለፋልና።

በጠርሙሶቹ ላይ በብዛት የሚጻፉት ስሞች ሉቲን፣ ዜአዛንቲን እና ቤታ ካሮቲን ናቸው። ሦስቱም ካሮቲኖይድ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ለካሮት፣ ለፓፓያ፣ ለእንቁላል አስኳል ቀለማቸውን የሚሰጡት ካሮቲኖይዶች ናቸው። በጎመን ውስጥም በብዛት አሉ፤ አረንጓዴው ቀለም ስለሚሸፍናቸው ብቻ አይታዩም። የሰው አካል ራሱ ሊሠራቸው አይችልም፤ የሚያገኛቸው ከሚበላው ነው። ሉቲንና ዜአዛንቲን ከአንጀት ወደ ደም ገብተው በዓይን የኋላ ንጣፍ መካከል፣ ማኩላ በሚባለው ጠባብ ቦታ ይከማቻሉ። ፊደል የምንለይበት፣ የሰው ፊት የምናውቅበት፣ ክር ወደ መርፌ የምናስገባበት ቦታ ያ ነው። እዚያ ሆነው ሰማያዊውን ብርሃን ያጣራሉ። የቤታ ካሮቲን ሥራ ደግሞ ሌላ ነው፤ አካላችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ቫይታሚን ኤ ያጠረው ሕፃን መጀመሪያ ዳፍንት ይይዘዋል፤ ካልታከመ ብሌኑ ሊፈርስ ይችላል።

ዕድሜ ሲገፋ ማኩላ የሚጎዳበት በሽታ አለ። የያዘው ሰው ዙሪያውን እያየ መካከሉን ያጣል። ቀጥ ያለው የበር መቃን ይጎብጥበታል፣ የቆርቆሮው ጠርዝ ይወላገድበታል፣ የሚያነጋግረው ሰው ጆሮ እየታየው ፊቱ ይደበዝዝበታል። ለዚህ በሽታ ቫይታሚኖቹ እውነተኛ ጥቅም እንዳላቸው የታወቀው የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ተቋም እ.ኤ.አ. በ2001 ውጤቱን ባወጣው ትልቅ ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 80 የሆኑ 3,640 ሰዎች ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። ለከፊሎቹ በቀን የተሰጠው ቫይታሚን ሲ 500 ሚሊ ግራም፣ ቫይታሚን ኢ 400 ዓለም አቀፍ ዩኒት፣ ቤታ ካሮቲን 15 ሚሊ ግራም፣ ዚንክ 80 ሚሊ ግራምና ጥቂት መዳብ ነበር። በሽታቸው መካከለኛ ደረጃ ላይ የደረሰ፣ ወይም አንድ ዓይናቸው ክፉኛ ተጎድቶ ሌላኛው የቀራቸው ሰዎች፣ ወደ ከባዱ ደረጃ የመሸጋገር ዕድላቸው በ25 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዓይኑ በዚያ ደረጃ ላይ ላለ ሰው መድኃኒቱን ልንነፍገው አይገባም፤ እኔም አልነፍግም።

ነገር ግን የዚያው ጥናት ሌላ ገጽ እኛ ዘንድ አይነገርም። በሽታው ላልጀመራቸው ወይም ገና ጅምር ላይ ለነበሩ ሰዎች ቫይታሚኑ የፈየደው ነገር አልተገኘም። ለዓይን ሞራ ግርዶሽም አልረዳም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሁለተኛው ጥናት ከ50 እስከ 85 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 4,203 ሰዎች አሳተፈ። ሉቲን 10 ሚሊ ግራምና ዜአዛንቲን 2 ሚሊ ግራም በቀድሞው ድብልቅ ላይ ሲጨመሩ በአጠቃላይ ተጨማሪ ለውጥ አልታየም። የመጣው ለውጥ ቤታ ካሮቲን ወጥቶ እነሱ በቦታው መግባታቸው ነው፤ ለምን እንደወጣ ወረድ ብዬ እገልጻለሁ። የሞራ ቀዶ ሕክምናንም በአጠቃላይ አላስቀሩም። በሁለቱም ጥናቶች ላይ የተሳተፉት ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጭ አሜሪካውያን እንደነበሩም ማስታወስ ያስፈልጋል። የማኩላ በሽታ ደግሞ ከአውሮፓውያን ይልቅ በአፍሪካውያን ዘንድ የሚታየው ባነሰ መጠን ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተካሄደው የዓይነ ስውርነት ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6 የሚሆኑት ዓይነ ስውር መሆናቸው ታወቀ። መንስኤያቸው ሲታይ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ብቻውን 49.9 በመቶውን ይዟል። ትራኮማ ያመጣው የብሌን ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ነበር። የማኩላ በሽታ 4.8 በመቶ ነበር። እንግዲህ ባዶ ጠርሙስ ይዘው ከሚመጡት እናቶችና አባቶች መካከል ቫይታሚኑ የሚመለከተው ሰው ቢገኝ እንኳ እጅግ ጥቂት ነው። ግማሾቹን ያህል የሚጠብቃቸው ቀዶ ሕክምና ነው። ሌሎቹ መነጽር፣ ወይም የዓይን ግፊት መቀነሻ ጠብታ፣ ወይም የተቀለበሰ የሽፋሽፍት ፀጉር ማስተካከያ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ሁሉ በአንድ ጠርሙስ እያባበልን ነው።

ሞራ ለምን በእንክብል እንደማይጠራ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ አንድ ነው። የዓይን ሌንስ በፕሮቲን የተሞላ ነው፤ ፕሮቲኑ ከዕድሜ ጋር ተሰባብሮና ተጣብቆ ሲነጣ የተቀቀለ የእንቁላል ነጭ ማለት ነው፤ የተቀቀለውን ወደ ጥሬነት የሚመልስ ምግብም መድኃኒትም የለም። ማድረግ የሚቻለው የነጣውን ሌንስ አውጥቶ በሰው ሠራሽ መተካት ነው። ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ፣ በሠለጠነ እጅ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ በማይሞላ ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ነው። ለዓመታት በልጅ ልጅ እጅ ተመርተው የኖሩ እናት ፋሻው ሲነሳ የሚያዩበትን ሁኔታ የሚያመጣ ሌላ ሕክምና ብዙ አላውቅም።

አንድ አባት ነበሩ፤ ከገጠር ቀበሌ ነው የመጡት። ስማቸውንም ሠፈራቸውንም አላነሳም። ከሌላ ቦታ እየገዙ የዓይን ቫይታሚን ሲወስዱ ከርመዋል፤ ለዚህ ብለው በግ ሸጠዋል። ወደኔ ሲመጡ የሁለቱም ዓይናቸው ብሌን መካከል ነጥቶ ከባንኮኒው ማዶ ይታይ ነበር። ጠርሙስ ሳልሸጥላቸው የሪፈር ወረቀት እንዲጽፉላቸው ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው፤ ልጃቸው ወደ ሆስፒታል ወሰዳቸው። የአንዱ ዓይን ሞራ ወጥቶ በደንብ አዩ። በሌላኛው ዓይን ግን ከሞራው ጀርባ ግላኮማ ነበር፤ የዓይን ነርቩ አስቀድሞ ሞቷል። ሞራው ቢወጣም ያ ዓይን አላየም። ግላኮማ ያለ ሕመም ነርቭ ይበላል፤ የጠፋው አይመለስም፤ ቀድሞ ከተገኘ ግን በጠብታ ይያዛል። በቫይታሚን ያለፉት ወራት የእኚህን ሰው ገንዘብ ብቻ አይደለም የጎዱት።

«ጥናቱ ጠግበው የሚበሉ ፈረንጆች ላይ ነው፤ እኛ የተራብነው ግን ሊጠቅመን ይችላል» የሚለኝ የሥራ ባልደረባ አለ። ቀልድ አይደለም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ለእኛ ኑሮ ይበልጥ የሚቀርበው ጥናት በደቡብ ሕንድ ገጠር የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ነው። ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 50 የሆኑ 798 ሰዎች ተሳትፈው ከፊሎቹ ቤታ ካሮቲን፣ ቫይታሚን ሲና ቫይታሚን ኢ ለ5 ዓመት ወሰዱ፤ ሞራው ከማደግ አልቆመም። በቻይና ሊንሺየን በተባለው፣ ሕዝቡ ለረጅም ዘመን በምግብ እጥረት በቆየበት አካባቢ ግን፣ ብዙ ዓይነት ቫይታሚንና ማዕድን አብረው በተሰጡበት ሙከራ፣ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 74 በሆኑት ላይ አንዱ የሞራ ዓይነት በ36 በመቶ ያነሰ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1993 ተዘግቧል። በሁለተኛው የአሜሪካ ጥናትም ቢሆን ከምግባቸው ሉቲንና ዜአዛንቲን እጅግ ጥቂት ያገኙ የነበሩት ክፍሎች ተለይተው ሲታዩ ጥቅም ታይቶባቸዋል። ከዚህ የምረዳው የአረጋውያን ምግብ ራሱ ትልቅ ጉዳይ መሆኑን ነው። የነጣ ሌንስ በጠርሙስ ይጠራል የሚል ግን በየትኛውም የለም።

ስለዚህ ስለ ምግብ ልናገር። እዚህ ላይ ወላይታ ከብዙ አገር የተሻለ ዕድል አላት።

የአበሻ ጎመን የቅርብ ዘመድ የሆነው፣ አሜሪካውያን ኮላርድ የሚሉት ጎመን፣ ተቀቅሎ አንድ ኩባያ ሲሆን ወደ 11 ሚሊ ግራም ሉቲንና ዜአዛንቲን ይይዛል። በጥናቱ በቀን የተሰጠው ሉቲን 10 ሚሊ ግራም ነበር። የእኛ ሰው ጎመኑን በጓሮው፣ ከእንሰቱ አጠገብ ያበቅላል። ቆላው ላይ ሽፈራው አለ፤ ቅጠሉ እንደ ጎመን ይበላል። ካሮቲኖይድ የሚሟሟው በስብ ስለሆነ ያለ ቅባት ቢበላ ብዙው ሳይዋጥ ያልፋል፤ ጎመንን በቅቤ የሚሠራው የወላይታ ማዕድ ይህን ችግር ከጥንት ፈትቶታል። በጾም ዘይት ይተካዋል። እንቁላልም አስኳሉ ውስጥ ያለው ሉቲን በቀላሉ ወደ ደም የሚገባ ነው። «ጎመን በጤና» የምንለው የተሻለ ስናጣ ነው፤ ለአረጋዊ ዓይን ግን የመጀመሪያው ምርጫ ሊሆን ይገባል።

ችግሩ ይህ ምግብ አረጋዊው አፍ ውስጥ አለመግባቱ ነው። እንቁላሉና ቅቤው ወደ ገበያ ይወጣል፤ ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለደብተር መግዣ ነው። ጎመኑ ለልጆቹ ይቀርባል። ጥርሳቸው ያለቀ እናት የተቀቀለ ቦይና (ጎደሬ) ወይም ነጭ ስኳር ድንች በቡና ቅጠል መጠጥ ቀምሰው ይውላሉ። ከዚያ ከተማ ያለው ልጅ ጠርሙስ ይልካል። ይህን ስል ልጆቹን መውቀሴ አይደለም፤ የላኩት ከፍቅር ነው። ግን የዚያ ጠርሙስ ዋጋ ለእናቲቱ ሁለት ሦስት ዶሮ ቢገዛና እንቁላሉ እንዳይሸጥ ቢነገር፣ ጎመኑም ደቅቆ ቢሠራላቸው፣ ለዓይናቸውም ለጉልበታቸውም ይበልጣል።

ስለ ስኳር ድንች አንድ ነገር ልጨምር፤ የግብርና መሥሪያ ቤቶቻችንም እንዲሰሙኝ እፈልጋለሁ። በዞናችን የሚበዛው ነጩ ስኳር ድንች ነው። ሆድ ይሞላል፤ ቤታ ካሮቲን ግን የለውም ማለት ይቻላል። የሀዋሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው መካከል ኩልፎና ቱላ የተባሉት ብርቱካናማ ዝርያዎች ቀለማቸው ራሱ ቤታ ካሮቲን ነው። ከእነዚህ 125 ግራም ያህል፣ አንድ ትንሽ ፍሬ ማለት ነው፣ ለትንሽ ልጅ የዕለቱን ቫይታሚን ኤ ሊሸፍን እንደሚችል ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል ሲያስተምር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማት ከወሰዱት አራት ሰዎች ሦስቱ የተሸለሙት ይህን ብርቱካናማ ስኳር ድንች በአፍሪካ በማስፋፋታቸው ነው። ወደኛም መጥቶ ነበር። ገበሬው ግን ደረቁንና ዱቄታማውን ነጭ ይወዳል፤ በጋው ሲረዝም ሐረጉ ይደርቃል፤ በሚቀጥለው ዝናብ የሚተከል ሐረግ ከየት ይምጣ? በየቀበሌው ውሃ አጠገብ ሐረጉን በጋ የሚያሻግር አንድ ሁለት ሰው ካልተያዘ ዝርያው በየዓመቱ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ይህ ሥራ የአረጋውያኑን ማኩላ አይመለከትም፤ የልጅ ልጆቻቸውን ዓይን ነው የሚመለከተው። ለእኔ ግን ሁለቱ የአንድ ቤት ጉዳይ ናቸው።

ከዚህ ጋር አያይዤ በጥብቅ የምናገረው አለ። ይህን ደብዳቤ ያነበበ ሰው «ፋርማሲስቱ ቫይታሚን አትውሰዱ አለ» ብሎ ለሕፃናት የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ እንዳይከለክል። ከ6 ወር እስከ 59 ወር ላሉ ልጆች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየስድስት ወሩ የሚሰጡት እንክብል ሌላ ነገር ነው። ከዓመት በታች ላለው 100,000፣ ከዓመት በላይ ላለው 200,000 ዩኒት ነው፤ ከዳፍንትና ከዓይን መጥፋት ይጠብቃል። ልጆቻችሁን አስወስዱ።

አሁን ቤታ ካሮቲን ለምን ከአዋቂዎቹ ድብልቅ እንደወጣ ላስረዳ። በፊንላንድ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 የሆኑ 29,133 አጫሽ ወንዶች ተሳትፈው ነበር፤ ከፊሎቹ በቀን 20 ሚሊ ግራም ቤታ ካሮቲን ይወስዱ ነበር። የታሰበው የሳንባ ካንሰር ይቀንሳል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በዝቶ ተገኘ። በአሜሪካ ተመሳሳይ ሙከራ አጫሾችና ለአስቤስቶስ የተጋለጡ ሠራተኞች ላይ ይካሄድ ነበር፤ ካንሰሩ በ28 በመቶ በልጦ በመታየቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። በሁለተኛው የዓይን ጥናት ተሳታፊዎች ላይም ከ10 ዓመት ክትትል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ዘገባ፣ ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ዘንድ የሳንባ ካንሰር በእጥፍ ለመድረስ ተቃርቧል፤ በሉቲንና በዜአዛንቲን ይህ አልታየም። ጉዳቱ ያለው በየቀኑ በሚዋጠው የታመቀ መጠን ላይ ነው፤ ካሮትና ብርቱካናማ ስኳር ድንች የሚበላ አጫሽ አይፍራ።

አባቶቻችን መካከል ሲጋራ የሚያጨሱ፣ ጋያ የሚስቡ፣ ያቆሙም አሉ። ጠርሙስ ሲሸጥላቸው «ያጨሳሉ? አጭሰው ያውቃሉ?» የሚላቸው ማን ነው? በጠርሙሱ ጀርባ በደቃቅ እንግሊዝኛ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። በወላይትኛና በአማርኛ ግን አይነገራቸውም። ማጨስ ራሱ ለማኩላ በሽታ ሰው በእጁ ሊያስወግደው ከሚችለው መንስኤ ሁሉ የከፋው መሆኑም አይነገራቸውም። ሲጋራውን ማቆም ከየትኛውም ጠርሙስ ይበልጣል።

ዚንኩም እንዲሁ ቀላል አይደለም። 80 ሚሊ ግራም ለአዋቂ በቀን ከሚመከረው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በዚህ መጠን የወሰዱ ሰዎች በሽንት መሥመር ችግር ሆስፒታል የመተኛታቸው ነገር ከሌሎቹ በዝቶ ተመዝግቧል። ሽማግሌዎቻችን ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለልብ የሚወስዷቸው መድኃኒቶችም አሉ፤ ሁሉንም በአንድ ላይ የሚያይ ሰው ያስፈልጋቸዋል። «ለዓይን» የሚል የተለጠፈበት ሁሉም በጥናቱ የተፈተነው ድብልቅ ነው ብለን አንመን። በአሜሪካ ገበያ እንኳ በብዛት የሚሸጡ 11 የዓይን ቫይታሚኖች ሲመረመሩ በጥናቱ ከተፈተነው መጠን ጋር የሚመጣጠኑት 4ቱ ብቻ እንደነበሩ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ታይቷል። በሻንጣ የገባ፣ የመጠቀሚያ ቀኑ የተቃረበ፣ በሙቀት የሰነበተ ጠርሙስ ደግሞ ምን እንደሚመስል ለመገመት አያዳግትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የዞኑ ጤና መምሪያ ለመድኃኒት ቤቶች ሁሉ አጭር መመሪያ ያውጣ፦ ዕድሜው የገፋ ሰው የዓይን ቫይታሚን ሲጠይቅ በቅርቡ የተደረገለት የዓይን ምርመራ ወረቀት ይታይ፤ ከሌለው አይሸጥለት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። የሪፈር ወረቀቱን መምሪያው አሳትሞ በየባንኮኒያችን ያስቀምጥልን፤ እኛ ጽፈን እንሰጣለን። ይህን ማድረግ ለንግዳችን ኪሳራ መሆኑን አውቃለሁ፤ የሙያ ባልደረቦቼ አንዳንዶቹ በዚህ ይቀየሙኛል። ሆኖም መድኃኒት ቤት የተሰጠንን ፈቃድ ከሱቅ ፈቃድ የሚለየው ይህ ኃላፊነት ነው።

ምርመራውን በተመለከተ ብዙ አልጠይቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲሄዱ ዕድሜው ከ50 የበለጠን ሰው አንዱን ዓይን አስከድነው በሦስት ሜትር ርቀት ጣት ያስቆጥሩት። መቁጠር ያቃተው ስሙ ይመዝገብ። ይህ ሥራ መሣሪያ አይፈልግም። የተመዘገቡት ሰዎች በኦቶና ባለው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በሌሎች የዓይን ሐኪም ባለባቸው ሆስፒታሎች ቀን ተቆርጦላቸው በአንድ መኪና እንዲመጡ ይደረግ። ከኪንዶ ኮይሻና ከኦፋ ጫፍ አንዲት እናት ብቻቸውን ተሳፍረው ሶዶ መናኸሪያ ወርደው ሆስፒታል ፈልገው ያገኛሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም። ሕክምናው በነጻ ቢሆን እንኳ መጓጓዣው፣ የአስታማሚው ምግብና የሚያድሩበት ቦታ ያስቀራቸዋል። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከየትም አይገኝም ቢባል፣ ለጠርሙስ የሚላከው ዶላርና ራንድ ቢዞር ብዙ ሰው ያመላልሳል።

የዓይን ሐኪሞቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ምርመራውን ስትጨርሱ በወረቀቱ ላይ የበሽታውን ስምና ደረጃ ጻፉልን። «የማኩላ በሽታ፣ መካከለኛ ደረጃ» የሚል ወረቀት ይዘው የመጡትን ሰው ያለ ጭንቀት በትክክለኛው ድብልቅ አገለግላለሁ። ቀጥታው መሥመር ድንገት የጎበጠባቸውን ደግሞ ቫይታሚን አያድናቸውም፤ በዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ በአስቸኳይ ሊያስፈልጋቸው ስለሚችል ወደ ትልቅ የዓይን ክፍል፣ ካስፈለገም አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ሳይውሉ ሳያድሩ መድረስ አለባቸው። ይህን ልዩነት በባንኮኒ ላይ ሆኖ በዓይን ብቻ የሚያውቅ ፋርማሲስት የለም።

የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የዓይን ቫይታሚኖችን ማስታወቂያ በቅርብ እንዲከታተል እጠይቃለሁ። «ሞራ ያጠራል»፣ «ያለ ቀዶ ሕክምና ዓይን ይመልሳል» የሚል ቃል በየትኛውም መለያም ሆነ የስልክ መልእክት ላይ እንዳይፈቀድ፤ ቤታ ካሮቲን ያለባቸው ደግሞ «ለሚያጨስና ላጨሰ ሰው አይሰጥም» የሚል ጽሑፍ በአገር ቋንቋ፣ በሚነበብ ፊደል እንዲለጠፍባቸው ያድርግ።

የወላይታ ልጆች፤ ወላጆቻችሁን እንደምትወዱ አውቃለሁ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ፍቅር አቃልዬ አላየሁም። ከመግዛታችሁ በፊት ግን በስልክ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ዓይንዎን ማን አየው? ምን አለ? መልሱ «ማንም አላየውም» ከሆነ ለጠርሙስ ያሰባችሁትን ገንዘብ ለምርመራና ለመጓጓዣ ላኩ። ሞራ ነው ከተባለ ቀን አስቆርጣችሁ አብራችሁ ሂዱ፤ ቀዶ ሕክምናውን ብዙዎቹ የሚፈሩት ብቻቸውን ስለሆኑ ነው። የማኩላ በሽታ መካከለኛ ደረጃ ነው ከተባለ ግን ላኩ፤ ቤታ ካሮቲን የሌለበትን፣ ሉቲን 10 ዜአዛንቲን 2 የሚለውን ምረጡ፤ ሳይቋረጥ ለዓመታት የሚወሰድ መሆኑንም ከወዲሁ አስቡበት።

መምሪያው በዚህ ጉዳይ የዞኑን የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች፣ የዓይን ሐኪሞችና የጤና ኤክስቴንሽን አስተባባሪዎች በአንድ ስብሰባ ጠርቶ እንዲያነጋግረን፣ የደረሰበትንም ውሳኔ በጽሑፍ እንዲያሳውቀንና በወላይትኛ በሬዲዮ እንዲያስነግር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

አንድ የሶዶ ከተማ ፋርማሲስት
ወላይታ ሶዶ